ለዘመድ አይላክም

አባ ይግዛው በተቀበሩበት ዕለት ማለዳ፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ስልኩ ያልጮኸ የእኛ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከላይም ከታችም፣ በግድግዳው በኩልና በደረጃው በኩል የመልእክት ድምፅ እየተከታተለ ሲሰማ የእኔ ስልክ ዝም አለ። መልእክቱን የሚያሰራጨውን ፕሮግራም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ ሟቹ ሳይሆን ወደ ፕሮግራሙ ነው። «አሁንም ተሳሳተ» አልሁ በሆዴ። ይህን ባስታወስሁ ቁጥር ፊቴ በእፍረት ይግላል።

አባ ይግዛው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው አሽዶድ ሲገቡ ጎልማሳ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሮቫ ሔት፣ ሮቫ በዕብራይስጥ ሰፈር ማለት ነው፣ እዚያ በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠሩ። እኔ ሳውቃቸው ሚስታቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ገብተው፣ ሮቫ ዳሌት ከእኛ ቤት በታች አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ሊቀመጡ ሲሉ መጀመሪያ ወንበሩን በእጃቸው ይዳስሱታል። ዓይናቸው ደኅና ነው፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ።

ሰው የሚያውቃቸው ግን በመርዶ ነጋሪነታቸው ነው። በእኛ ዘንድ የቅርብ ዘመድ ሞት በስልክ አይነገርም። ወንድሟ የሞተባት ሴት ሥራ ቦታ ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን እንዳትሰማ ወሬው ይደበቅላታል፤ ሽማግሌዎች ተሰባስበው በማለዳ ቤቷ ድረስ ይሄዱና ያረዷታል። እዚህ አገር ደግሞ ሬሳ አይቆይም፤ ሌሊት የሞተ ሰው እኩለ ቀን ላይ ይቀበራል። ስለዚህ አንዱን ወሬ ከአንዲት ሴት መደበቅና ለመቶ ሰው ማድረስ በአንድ ማለዳ ማለቅ አለበት። አባ ይግዛው በዚህ መካከል ነበር የሚሠሩት። «ወሬ ይሮጣል፤ መርዶ ይራመዳል» ይሉ ነበር።

ጉልበታቸው ከባሰ በኋላ ደረጃ ላይ የምደግፋቸው እኔ ስለነበርሁ አሠራራቸውን በደንብ አይቻለሁ። ቤት ሲገቡ ወደ ነገሩ አይቸኩሉም። ዓይናቸው መጀመሪያ ምድጃው ላይ ነው፤ ጋዙ በርቶ ከሆነ ወሬ እያወሩ ሄደው ያጠፉታል። ቀጥለው ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ቀጥለው ስልክ ይለምናሉ። «የእኔ ስልክ አልሰማ ብሎኛል፣ እስቲ ያንቺን» ብለው ይቀበሉና ኪሳቸው ይከቱታል፤ አይመልሱትም። መጨረሻ ላይ «ቁርስ በልተሻል?» ይላሉ። ያልበላ ሰው አያረዱም። «የበላ ሰው ያለቅሳል፤ ያልበላ ሰው ይወድቃል» ነው ነገሩ። ብዙ ሰው እዚህ ጥያቄ ላይ ይገባዋል። እያለቀሰ የሚጎርስ አይቻለሁ። እሳቸው ግን አንዲት ጉርሻም ብትሆን ሳትወርድ አይጀምሩም። ደግሞ ሰው ቆሞ መርዶ አይነገረውም። ካልተቀመጠ ሽማግሌዎቹም አይናገሩም።

የዚህ ሥራ ጦሱ በሩን ሲያንኳኩ ደስ የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው። ልብሱን ሲያሰጣ በሰገነት ያያቸው ሰው እንኳ ወዴት እንደሚታጠፉ ሳያይ ወደ ቤቱ አይገባም። ስለዚህ ለጥየቃ ሲሄዱ ከደረጃው ሥር ጀምረው «ለሰላም ነው፤ ለሰላም ነው የመጣሁት» እያሉ ይወጣሉ። ይህም ስላልበቃ ለሰላም ሲሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይይዛሉ፤ ዳቦ፣ ሐብሐብ፣ አንዲት ሎሚም ብትሆን። ለመርዶ ግን ባዶ እጃቸውን ነው። የእኛ ሰፈር ሰው በር ሲከፍትላቸው ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የሚያየው።

የእድራችን ጸሐፊ እትዬ ዘውዲቱ አንድ ቀን በቀልድ፣ «አባ፣ አንቱን በር ላይ ከማይ ግብር ሰብሳቢውን ባይ ይሻለኛል» አለቻቸው።

«እሱ የሚመጣው ሊወስድ ነው ልጄ» አሏት። «እኔ የምመጣው ከተወሰደ በኋላ ነው።»

ፕሮግራሙን እንድጽፍ ያደረገችኝ ይህችው እትዬ ዘውዲቱ ናት። ሰው በሞተ ቁጥር ለእድርተኛው በየተራ የምትደውለው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ በተከታታይ ቀብር ሆኖ ድምፅዋ ተዘጋና በምልክት ስታወራ አየኋት። እኔ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁም፤ ከወደቡ አጠገብ ካለው መጋዘን ሥራ ውዬ ስመለስ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ላፕቶፕ ቪዲዮ እያቆምሁና እየመለስሁ ለመድሁት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን «መልእክቱን ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚልክ ነገር እሠራልሻለሁ» አልኋት። ስናገር ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ።

ስሞቹን ያስጻፉኝ አባ ይግዛው ናቸው። እኔ በየአፓርታማው ልጽፍ ነበር ያሰብሁት። እሳቸው ግን «ቤት» ሲሉ በር ቁጥር ማለታቸው አልነበረም። የአንድ አባት ልጆች፣ አንዱ ሮቫ ዳሌት፣ አንዱ ሮቫ ሔት፣ አንዱ ሰሜን ቢኖር፣ መታወቂያቸው ላይ ያለው የቤተሰብ ስም ለየቅል ቢሆንም፣ ለእሳቸው አንድ ቤት ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው የሚጻፈው በውልደቱ ተራ፣ ወንድም ከእህት ጎን ነው። ለፓይተን ይህ የሚመች ነገር ነው፤ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ይባላል። ትልቁ ዝርዝር የቤቶች ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ራሱ የሰዎች ዝርዝር ነው። ሁለት ዙር ትጽፋለህ። የውጪው ዙር ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። የውስጡ ዙር ቤቱ ውስጥ ይገባና ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። እያንዳንዱ ሰው ፊት ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ሰው የሟቹ ዘመድ ነው? ከሆነ ከዝርዝሩ አውጣው። ዙሩ ሲያልቅ ለቀሩት ሁሉ ላክ።

የሟቹን ዘመዶች እትዬ ዘውዲቱ ሰው በሞተ ቁጥር ምልክት ታደርግባቸዋለች። የቀረው የፕሮግራሙ ሥራ ነው። ሞክሬዋለሁ። የፈጠርኋቸውን ስሞች አስገብቼ፣ በየቤቱ አንድ ዘመድ ምልክት አድርጌ ደጋግሜ ሞከርሁት፤ አልተሳሳተም። እኔ ከእናቴ በቀር ዘመድ የለኝም። አንድ ቤት ውስጥ ዘመድና ዘመድ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲሞከር ማድረግ በሐሳቤም አልመጣ።

ላፕቶፑን ይዤ አባ ይግዛው ዘንድ ወርጄ ሳሳያቸው የቋንቋውን ስም ጠየቁኝ። ፓይተን ማለት ትልቅ እባብ እንደሆነ ነገርኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ሔዋንንም የመጀመሪያውን ወሬ ያቀበላት እሱው ነው» አሉ። ሳቅን። ቀጥለው ግን ሳይስቁ አንድ ነገር ለመኑኝ።

«መላኩ፣ ይሄ መልእክት የሚወጣው እኔ ከሐዘንተኛዋ ቤት ከገባሁ በኋላ ይሁን።»

«አባ፣ ለዘመድ እንዳይላክ ተደርጎ ነው የተሠራው። አንቱ ቀስ ብለው ይሂዱ። እሱ አይሳሳትም።»

«ይሁን፣ አይሳሳት። አንተ ግን ጠብቀኝ።»

እሺ አልሁ። ፕሮግራሙም ሥራ ጀመረ፤ ሰውም አመሰገነኝ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው እናቶች ትከሻዬን ይስሙኝ ጀመር። ከዚያ የትርንጎ ወንድም ሞተ።

እትዬ ትርንጎን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ሮቫ ሔት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ቤት አቮት፣ የአረጋውያን መኖሪያ ማለት ነው፣ እዚያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ አስታማሚ ሆኖ አጠገቡ ነበር። ሌሊት ዐረፈ። ቀብሩ እኩለ ቀን ላይ ሆነ። ገና ሳይነጋ አባ ይግዛው፣ ሌላ አንድ ሽማግሌና እኔ ወደ ሮቫ ሔት ሄድን። እጃችን ባዶ ነበር።

ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ እትዬ ዘውዲቱ ደወለችልኝ። ሰው ወደ ሥራ ሊወጣ ነው፣ ከወጣ በኋላ አለቃውን ማስፈቀድ ይከብደዋል፣ መኪናም መፈለግ አለ፣ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ጀምረዋል። አባ ይግዛው በየደረጃው ያርፋሉ። ሦስት ፎቅ ለመውጣት ምን ያህል እንደሚፈጅባቸው አውቃለሁ። ፕሮግራሙ ለትርንጎ እንደማይልክም አውቃለሁ፤ ያወቅሁ መስሎኛል። «ጫማዬን ላስር» ብዬ ወደኋላ ቀረሁና፣ ጎንበስ ብዬ፣ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «ላክ» የሚለውን ነካሁ። ተነሥቼ ደረስሁባቸውና ክንዳቸውን ያዝሁ።

በሯ ፊት ስንደርስ አባ ይግዛው ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ የደረጃውን ብረት ተደገፉ። ከውስጥ የውኃ ቧንቧ ሲፈስ ይሰማል። የስልክ ድምፅ ተሰማ። ውኃው ቆመ። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ጮኸች።

አባ ይግዛው ዞረው አዩኝ። ፊቴን አላዩም። ጫማዬን ነው ያዩት።

«አሰርኸው?» አሉኝ።

በሩ አልተቆለፈም ነበርና ገባን። ትርንጎ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኩ አጠገቧ ወድቋል፤ ምድጃው ላይ እንቁላል እየተቃጠለ ነው። አባ ይግዛው መጀመሪያ ሄደው ጋዙን አጠፉ። ከዚያ፣ ወንበር እንኳ በእጃቸው ዳስሰው የሚቀመጡት ሰው፣ ምድጃውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወለሉ ላይ ከፊቷ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት።

«ትርንጎ፣ ስሚኝ» አሉ። «ያየሽው ወሬ ነው። መርዶው ገና አልተነገረሽም።»

ከዚያ ምንም እንዳልሰማች አድርገው ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት። ወንድሟ ማታ ምን እንደበላ፣ ታላቅ ወንድማቸው እጁን ይዞት እንደነበር፣ እንዳልተጨነቀ፣ እሷን በስሟ ጠርቶ እንደነበር። ይህ ሁሉ በእኔ መልእክት ውስጥ አልነበረም። እሷም አዳመጠች፤ ስሟን እንደጠራ ሲነግሯት ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለችና በወጉ አለቀሰች። የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ አባ ይግዛው ከወለሉ መነሣት አቃታቸው። ብብታቸው ሥር ገብቼ ያነሣኋቸው እኔ ነኝ። እጄን አልገፉትም።

በሺቫው፣ በሐዘኑ ሰባት ቀን ውስጥ፣ አንድ ማታ ሄድሁ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ልወጣ ስል ትርንጎ ጠራችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር ያወራችኝ። መልእክቱን ስጽፍ ሰዓቱንና ቦታውን ከላይ፣ ስሙን ከታች ነበር የማደርገው፤ ሰው ቶሎ የሚፈልገው ሰዓቱን ነው ብዬ በራሴ አሳምሬ የደረደርሁት ነው። እሷም ያን ማለዳ መጀመሪያ ያነበበችው ቀብር እንዳለ ነው። «ውይ፣ የማን ይሆን አልሁ» አለችኝ። «አለቃዬን ምን ብዬ ላስፈቅድ ብዬ አሰብሁ። ጥቁሩ ቀሚሴ ታጥቧል ወይ ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ነው ወደ ታች ያየሁት።» ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። ሳልላት ወጣሁ።

እድሩ ስብሰባ ሲያደርግ ነገሩ ተነሣ። ማን ነው የላከው፣ ለምንስ ተላከ ተባለ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከመናገሬ በፊት አባ ይግዛው ተነሥተው «ቸኩለን ነው» አሉ። ቸኩሎ ነው አላሉም። አንድ ሰው «እናንተማ ደረጃ ላይ ነበራችሁ» ቢላቸው «ቸኩለን ነው ብያለሁ» ብለው ተቀመጡ። ማንም ወደኋላ ዞሮ አላየኝም። ሁሉም ግን ያውቅ ነበር። ያ ሁሉ ጀርባ አይቶኛል።

ከዚያ በኋላ አባ ይግዛውን ሸሸኋቸው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ የእሳቸው በር መዘጋቱን በደረጃው ቀዳዳ ሳላይ አልወጣም ነበር። ፕሮግራሙን ቁጭ ብዬ መረመርሁት፤ ስሕተቱንም አገኘሁት፤ ግን ለማን ልንገር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከደረጃው ሥር «ለሰላም ነው፤ ለሰላም ነው የመጣሁት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኛ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ልውረድና ልደግፍ፣ ወይስ በሩን ዘግቼ የለሁም ልበል ስል ድምፁ እያረፈ እያረፈ ቀረበ። ከፈትሁ። በእጃቸው አንዲት ሎሚ ይዘዋል። ገቡ፣ ወንበሩን ዳሰሱ፣ ተቀመጡ፣ ሎሚዋን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አሳየኝ እስቲ» አሉ። «የት ላይ ነው የዘለላት?»

ጽሑፉን ቢያዩት እንደማይጠቅማቸው ስለማውቅ በለቅሶ ቤት ወንበር አስረዳኋቸው። ሰዎች በተራ ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ከመጀመሪያው ወንበር ጀምሮ እየጠየቀ ይሄዳል፤ ዘመድ ነህ? አዎ ካለው ያስነሣዋል። አንዱ ሲነሣ ከጎኑ ያለው ወደ ተለቀቀው ወንበር ጠጋ ይላል። ጠያቂው ግን ይህን አያይም፤ ወደሚቀጥለው ወንበር ያልፋል። ጠጋ ያለው ሰው ሳይጠየቅ ይቀራል። ታላቅ ወንድሟ ተነሣ፤ ትርንጎ ወደ ወንበሩ ጠጋች፤ ፕሮግራሙ አልፏት ሄደ። አባ ይግዛው ዘመድን ከዘመድ ጎን ስላስጻፉኝ ሳይጠየቅ የሚቀረው ሰው ሁልጊዜ ዘመድ ይሆናል። ይህን ስል በእሳቸው ያሳበብሁ መሰለኝ።

«አሁንስ?» አሉ።

«አሁን ማንንም አላስነሣም። ሁሉም እንደተቀመጠ ይቆያል። ባዶ አግዳሚ ሌላ ቦታ አኖራለሁ፤ ዘመድ ያልሆነውን ስሙን ወደዚያ እጽፋለሁ፤ የምልከው ለዚያኛው ነው።»

«ይሄ ቀላል አይደለም እንዴ? ያኔ ብታደርገው ምን ነበረበት?»

«አላውቅም ነበር፣ አባ።»

«ማወቅህን አልጠየቅሁህም።» ሎሚዋን በጣታቸው አንከባለሏት። «እባብህ ሳተ። አለማወቅ ነው፣ ታርሟል። አንተ ግን ጠብቀኝ ብዬህ ነበር፤ ጫማህን አሰርህ። እሱን በምን ታርመዋለህ?»

መልስ ሳይጠብቁ ሻይ ጠየቁ፤ ሎሚዋን ቆርጠን በሻይ ጠጣናት። ስለ ሌላ ነገር ነበር የተጫወትነው፤ አንድም ቃል አላስታውስም።

እሳቸው ከወረዱ በኋላ ፕሮግራሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርሁ። በፓይተን ለነገሮች የምትሰጠውን ስም በእኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ስሙን «ገብተናል» አልሁት። መርዶ ነጋሪዎቹ ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ከራሳቸው ስልክ ይህችን አንድ ቃል ካልላኩ በስተቀር መልእክቱ አይወጣም። እኔም ብነካው አይወጣም። የመልእክቱንም አጻጻፍ ቀየርሁ፤ ስሙን ወደ ላይ አወጣሁት። ከዚያ የስሞቹን ዝርዝር ለእትዬ ዘውዲቱ አስረክቤ፣ ከዚያ ወዲህ እጄን አላስገባሁበትም።

አባ ይግዛው «ገብተናል»ን ወደዷት። አንድ ጣታቸውን ቀስረው፣ ፊደል በፊደል፣ ሰው እያለቀሰ እንኳ ሳይሳሳቱ ይጽፏት ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ደረጃ መውጣቴም ቀጠለ። በየበሩ ፊት፣ ከማንኳኳታቸው በፊት፣ ጫማዬን ዝቅ ብለው ያዩ ነበር። ምንም አይሉም። እኔ ከዚያ ወዲህ ማሰሪያ ያለው ጫማ ገዝቼ አላውቅም።

ሆስፒታል ሲገቡ እየሄድሁ ጠየቅኋቸው። በሄድሁ ቁጥር ሎሚ ይዤ ነበር፤ ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ «ለሰላም ነው» ይሉ ነበር እሳቸው ራሳቸው፣ እኔን ቀድመው። የልጆቻቸው ድርሻ ነው ብዬ ብዙ አልቆይም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ እዚያም ቢሆን ያደረግሁት መቸኮል ነው።

እናቴ የምታስታምማቸው አሮጊት ዘንድ ስለምታድር አባ ይግዛው በተቀበሩበት ዕለት ማለዳ ብቻዬን ነበርሁ። ወደ ሥራ ልወጣ ልብሴን ለብሼ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ትርንጎ ነጠላዋን ደርባ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። እጃቸውን አየሁ። ባዶ ነው።

ወደ ውስጥ አልፋ መጀመሪያ ወደ ምድጃው ሄደች። አልበራም ነበር።

«እስቲ ስልክህን ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት።

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ተቀመጥ አለችኝና ተቀመጥሁ። ዳቦ ቆረሰች፤ ሻይ ቀዳች። እኔም እያወቅሁ በላሁ፤ እሷም ማወቄን እያወቀች ጠበቀች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል አንዲት አጭር ቃል ጻፈ። የትኛዋ ቃል እንደሆነች አልጠየቅሁም።

ትርንጎ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ። ማታ ምን እንደቀመሱ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበር፣ ምን እንዳሉ። ገና ሳትጨርስ ነው የሕንፃው ስልክ ሁሉ መጮህ የጀመረው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን። የእኔ ስልክ በእጇ ላይ ዝም ብሏል። ያን ሰው አጥቼ፣ ዳቦው ገና አፌ ውስጥ እያለ፣ የጠየቅሁት ይህን ነው፤

«ለእኔ ለምን አልደረሰኝም?»

ትርንጎ ስልኬን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለዘውዲቱ ነግረው ከልጆቻቸው እኩል የዘመድ ምልክት ያስደረጉብህ እሳቸው ናቸው» አለች። «ለዘመድ እንዳይላክ አድርገህ የሠራኸው አንተ አይደለህ?»